የመጀመሪያው ስድስት ጎራሽ፦ .44 ማግነም ግዛ፣ በ.44 ስፔሻል ጀምር

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሜሪላንድ ትኖራለህ፣ ግሪን ካርድ አለህ፣ እስከ ዛሬ የተኮስከው ባለ ካዝና 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ትልቅ ካሊበር ያለው ሲንግል አክሽን ሪቮልቨር (ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣት የሚስቡት ተሽከርካሪ ሽጉጥ)፣ አገር ቤት ስድስት ጎራሽ የምንለውን፣ ለኢላማ ተኩስና ወደፊትም ለአደን ልትገዛ አስበሃል። .44 ማግነም ይሻላል ወይስ .45 ኮልት? አዲስ ወይስ ያገለገለ? ርግጫውስ እጅ ይጎዳል ወይ? እኔ ጎረቤትህ ቨርጂኒያ ነኝ። በእነዚህ መሣሪያዎች ለዓመታት ተኩሻለሁ፣ ጀማሪዎችንም አጠገቤ አቁሜ አስተኩሻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የኔ ምክር .44 ማግነም ግዛ ነው፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት .44 ስፔሻል ብቻ አጉርሰው። ስፔሻል በ1907 የወጣ ጥይት ነው። ማግነም በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጣው የስፔሻልን ቀለህ 3 ሚሊሜትር ያህል አስረዝመው ባሩዱን አበርትተው ነው። ስለዚህ ስፔሻሉ ማግነም ሽጉጥ ውስጥ ይገባል፣ ማግነሙ ግን ለስፔሻል በተሠራ ሽጉጥ ውስጥ አይገባም። የሁለቱም አረር ብዙ ጊዜ ወደ 15 ግራም ይመዝናል። ስፔሻሉ በሰከንድ 230 ሜትር ገደማ ሲሄድ፣ ማግነሙ ከረጅም አፈሙዝ ሲወጣ ወደ 400 ይጠጋል። ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንድ መሣሪያ ገዝተህ ሁለት ባህርይ አገኘህ፤ በለስላሳው ተምረህ በከባዱ ታድናለህ።

.45 ኮልትን አልጠላውም፤ እንዲያውም እኔ ራሴ ደስ የሚለኝ ጥይት ነው። ችግሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ ከ1873ቱ ኮልት ሽጉጥ ጋር የተወለደ ስለሆነ መደበኛው ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። በኋላ ግን እንደ ሩገር ብላክሆክ ያሉ ወፍራም ብረቶች ሲመጡ፣ ለእነሱ ብቻ ተብሎ ኃይለኛ .45 ኮልት መሸጥ ተጀመረ። መልኩም ልኩም ያው ነው። ይህን ኃይለኛ ጥይት በኮልቱ ወይም በጣሊያን በሚሠሩት የኮልት ቅጂዎች ብታጎርሰው ሲሊንደሩን (ጥይቶቹ የሚጎርሱበትን ተሽከርካሪ ብረት) ሊያፈነዳው ይችላል። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው ኒው ቫኬሮም ከሩገር ፋብሪካ ቢወጣም አካሉ አነስ ያለ ነውና ለእሱም አይሆንም። የጥይት ሣጥን ማስጠንቀቂያ አንብቦ የመለየት ልማድ እስክታዳብር ድረስ .44 ይሻልሃል። ከሁለቱም የበረታውን .454 ካሱልን የሚመክሩህ አሉ፤ ድንቅ ጥይት ነው፣ ለመጀመሪያ ሽጉጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ከመሣሪያዎቹ እኔ የምመርጥልህ ሩገር ሱፐር ብላክሆክን ነው። 1.3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ይህ ክብደት ሸክም መስሎ ይታይሃል፣ ስትተኩስ ግን ርግጫውን የሚውጥልህ እሱ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያው በብሎን ይስተካከላል። አፈሙዙ 7 ተኩል ኢንች የሆነው ለአደን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የምላጩ መከለያ ከኋላ በኩል አራት ማዕዘን ስለሆነ በሚረግጥበት ጊዜ የመሐል ጣትን አንጓ ይመታል። አንዳንድ እጅ ላይ ምንም አይሰማም፣ አንዳንዱን ደግሞ ያቆስላል። ባለ 5 ተኩል ኢንቹ መከለያው ክብ ነው። ሱቅ ሄደህ ሁለቱንም ጨብጠህ እይ፤ አንጓህና ብረቱ መሐል ክፍተት ከሌለ ክቡን ውሰድ።

ያገለገለ ከሆነ ይቺን ክፍል ደጋግመህ አንብብ። ሩገር በ1973 የውስጥ አሠራሩን ለውጧል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ጎናቸው ላይ ሦስት ብሎን አላቸው፤ አዲሶቹ በብሎኑ ፋንታ ሁለት ፒን ነው ያላቸው። በድሮዎቹ መዶሻው ወርዶ ሲያርፍ የመምቻው መርፌ ጥይቱ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው መሬት ከመታው ይተኩሳል፤ ሰው ሞቶበታል። በአዲሶቹ ግን ትራንስፈር ባር የሚባል ቀጭን ብረት አለ፤ ምላጩ ተስቦ ካልተያዘ በቀር የመዶሻው ምት መርፌው ጋ አይደርስም። ሩገር የድሮዎቹን እስከ ዛሬ በነፃ ይቀይራል፣ የወጣውንም የድሮ ክፍል መልሶ ይልክልሃል።

የድሮ አሠራር ያለውን ሽጉጥ፣ የ1873ቱን ኮልት ጨምሮ፣ አምስት ብቻ ነው የምታጎርሰው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መዶሻውን ግማሽ ድረስ ስበህ የማጉረሻዋን በር ክፈት። አንድ አጉርስ፣ አንድ ቤት (የሲሊንደሩን አንድ የጥይት ቀዳዳ) ዝለል፣ ቀጥለህ አራት አጉርስ። በሩን ዝጋ፣ መዶሻውን እስከ መጨረሻ ሳብና አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ በአውራ ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ አውርደው። ባዶው ቤት ከመዶሻው ሥር ይመጣል። በአዲሱ ሩገር ግን መዶሻውን አትነካውም፤ በሯን ስትከፍት ሲሊንደሩ ራሱ ይለቃል፣ ስድስቱንም ታጎርሳለህ። ጓደኛ ሽጉጥ ሲያውስህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳትጠይቅ አትጀምር።

ያገለገለውን ስትመረምር መጀመሪያ ባዶነቱን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ መዶሻውን በጣም በዝግታ ሳበው፤ መዶሻው ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ወይም እኩል ሲሊንደሩ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ሲሊንደሩን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቀው፤ በግልጽ የሚመላለስ ከሆነ ተወው። የብሎኖቹ ራስ ከተላላጠ የማያውቅ ሰው ፈትቶታል ማለት ነው፤ እኔ እንዲህ ዓይነቱን አልገዛም።

ሕጉን አሳጥሬ ልንገርህ። ከፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት ሊሞላህ ይገባል። ግሪን ካርድ በቂ ነው፤ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን በመደበኛው አይፈቀድለትም። ሜሪላንድ ቀድሞ የሽጉጥ መግዣ ብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ሥልጠናና የጣት አሻራ አለው፣ ከዚያም 7 ቀን መጠበቅ አለ። ከነጋዴ ስትገዛ የምትሞላው የፌዴራል ፎርም 4473 ላይ ስለ ማሪዋና ይጠየቃል፤ ግዛትህ ብትፈቅደውም በፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ስለሆነ በዚያ ጥያቄ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የኛን ሰው የሚያሰጋኝ «እኔ ወረቀቴ አላለቀም፣ ገንዘቡን ልስጥህና አንተ ግዛልኝ» የሚለው ነው። ለወንድምህም ቢሆን እንዳታደርገው። እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ግሪን ካርድህንም ሊያስነጥቅህ ይችላል። ቤትህ ልጆች ካሉ ደግሞ የሚቆለፍ የመሣሪያ ሳጥን ከሽጉጡ በፊት ግዛ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል፤ ሕግ ባይኖርም ማንም ወላጅ ሊያደርገው አይገባም።

አሁን ወደ ተኩሱ እንምጣ። ጆሮህን በሁለት ድፈን፣ ውስጥ ጥጥ መሳዩን ከላይ ደግሞ ትልቁን መከለያ። ቤት ውስጥ ባለ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) የ.44 ማግነም ጩኸት ደረትህ ላይ ያርፋል፤ ሰው የሚበረግገው ከርግጫው ይልቅ ከድምፁ ነው። መነጽር ግዴታ ነው። የግራ እጅህን ጣቶች ከሲሊንደሩ ፊት አርቅ፤ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መሐል ባለችው ክፍተት እሳትና የእርሳስ ፍንጣሪ ወደ ጎን ይወጣል፣ ቆዳ ይቀድዳል።

አያያዙ ከ9 ሚሊሜትሩ ይለያል። እዚያ አንቀህ ነው የምትይዘው፤ ይህ ግን እጀታው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲተኩስ መዳፍህ ውስጥ ወደ ላይ ይንከባለላል። ተወው፣ ይንከባለል። አፈሙዙ ወደ ላይ ሲነሳ መዶሻው ራሱ ወደ አውራ ጣትህ ይመጣልሃል፣ ለሚቀጥለው ተኩስ ትስበዋለህ። ልክ እንደ ሰው እጅ ስትጨብጥ አጥብቀህ ያዝ፣ ክርንህን ግን አታድርቅ። በግትር ክንድ ልታቆመው ብትታገል ጉልበቱ ሁሉ አንጓህ ላይ ያልቃል። ትንሿ ጣትህ ከእጀታው ሥር ብትገባ ችግር የለውም።

ኢላማውን 7 ሜትር ላይ ስቀለው፣ ከዚያ አታርቀው። የፊት ማነጣጠሪያውን ብቻ እያየህ ምላጩን ቀስ ብለህ ሳብ። የመበርገግ ፈተናው ቀላል ነው፦ አጠገብህ ያለው ሰው አንተ ሳታይ ስድስቱ ቤት ውስጥ ጥይትና ባዶ ቀለህ አደባልቆ ያጉርስልህ። አንድ ከሥራ ጓደኞቼ መሐል የሆነ፣ ጉልበቱ በሬ የሚጥል ወጣት «እኔ አልበረግግም» ይል ነበር። መዶሻው ባዶው ላይ ሲወርድ አፈሙዙ አንድ መዳፍ ያህል ወደ መሬት ዘለቀ፤ ምንም ሳይተኮስ! ፊቱ ተለወጠ። ያን ቀን ማግነሙን ከእጁ ወስጄ ስፔሻል ሰጠሁት፤ ባዶው ላይ አፈሙዙ ሳይነቃነቅ ሲቆም ነው ወደ ከባዱ የመለስኩት። አንተም ይህን መለኪያ ያዝ። ቤትህ በባዶ ሽጉጥ መለማመድም ይጠቅማል፤ አዲሶቹ ሩገሮች በባዶ መተኮስን ይችላሉ፣ ጥይቱ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ይሁን።

ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ኢላማ አድርገህ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ፕፍ ካለ ደግሞ እዚያው አቁም። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ብትተኩስ ሽጉጡ ይፈነዳል። ጥይቶቹን ሁሉ አውጥተህ፣ የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን አይተህ፣ ከዚያ ነው የምትቀጥለው።

ስፔሻል ብዙ ስትተኩስ ቀለሁ አጭር ስለሆነ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፤ በነሐስ ብሩሽ ካልጠረግከው ማግነም አልገባም ይልሃል። እጅህንም ሳትታጠብ ምንም አትብላ፣ እርሳስ ነው። ቀለሁን አትጣል። የ.44 ጥይት ውድ ነው፤ ነገ ባዶውን ቀለህ ራስህ መልሰህ መሙላት ስትጀምር ያ ቀለህ ገንዘብ ይሆንልሃል። ወደ ማግነም ስትሸጋገር ደግሞ ነጥብህ ቢለዋወጥ አትደንግጥ፤ ዝግተኛው ስፔሻል አፈሙዙ እየተነሳ ሳለ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይመታል፣ ፈጣኑ ዝቅ ይላል። የኋላውን ማነጣጠሪያ በብሎኗ አስተካክል።

ያገለገለ ሱፐር ብላክሆክ ካገኘህ ከመክፈልህ በፊት የጎኑን ፎቶ እዚህ ለጥፈው፤ ሦስት ብሎን ይሁን ሁለት ፒን አይቼ የቱ እንደሆነ እነግርሃለሁ።