ሦስት ባትሪ ከመቀየር አንድ ገመድ

ጥያቄ፦ ቱሪስት የምጭንበት ላንድክሩዘር ከኋላ ባለ 100 አምፒር ሁለተኛ ባትሪ አለው፤ ፍሪጁ የሚሠራው በእሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ነድቼ ዳናኪል ስንሰፍር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ይጠፋል። በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ ቀየርኩ። ወደ ሊቲየም ልዙር?

መልስ፦ አሁን አይዙሩ። ሦስት ባትሪ ተራ በተራ በአንድ ዓይነት በሽታ አይሞትም፤ እኔ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካውን የሚያህል ቀጭን ሽቦ ከፊት ወደ ኋላ ስበውልዎት ይሆናል።

ጠዋት ባትሪው እንደደከመ ሞተር አስነስተው ትንሽ ጋዝ ይስጡ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በትርፍ ሽቦ አስረዝመው ከፊተኛው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከኋለኛው ፖዘቲቭ ያገናኙ። ኔጌቲቩንም እንዲሁ ይለኩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ነገሩ ተገኝቷል።

ለምን? ሂሳቡ ይኸውና። መሄጃው 5 ሜትር፣ መመለሻው 5 ሜትር፣ በድምሩ 10 ሜትር ነው። ይህን ያህል ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ 0.07 ኦም አለው። 20 አምፒር ሲያልፍበት 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 14.2 ቢሰጥም ኋላ የሚደርሰው 12.8 ነው። የጠገበ ባትሪ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ 12.7 ያሳያል፤ በ12.8 ምኑን ይሞሉታል? ቻርጁ ገና ከመጀመሩ ይልፈሰፈሳል፤ አምፒሩ ሲወርድ የሚባክነው ቮልት ቢቀንስም ባትሪው እየተንፏቀቀ ነው የሚሞላው፤ የቀኑ መንገድ አይበቃውም። በየቀኑ ሳይሞላ ሲያድር ደግሞ እርሳሱ ላይ ሰልፌት የሚባል ጠንካራ ጨው ይጋገራል። ባትሪዎችዎን የገደለው ይህ ነው፤ የዳናኪል ሙቀት አጣደፈው እንጂ። በባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ግን ያው 20 አምፒር የሚያባክነው 0.22 ቮልት ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለ 16 ገመድ ይግዙ፣ ለፖዘቲቭም ለኔጌቲቭም። ሲገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ይመልሱት። ካፒኮርዳው (ገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባው የብረት ጆሮ) በፕሬስ ይጨመቅ። በመዶሻ ቀጥቅጦ ናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይባልም፤ ማሳውን (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ኔጌቲቭ) ቀለም ላይ ማሰርም እንዲሁ። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ 100 አምፒር ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ከሆነም አውጥተው በደህና ይቀይሩት።

ፊውዝ! ከእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ 20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ባለ 80 አምፒር ፊውዝ ይግባ። በሁለቱም በኩል፤ ገመዱ መሀል ላይ ቢላጥ ከሁለቱም ባትሪዎች እሳት ይመጣበታል። ወደ ሊቲየም አሁን አይዙሩ ያልኩዎትም ለዚህ ነው፤ ከእርሳስ ባትሪ የበለጠ አምፒር ስለሚስብ ያንን ቀጭን ሽቦ ከመጠን በላይ ሊያሞቀው ይችላል።

ፍሪጁን ከሲጋራ ማቀጣጠያው ነቅለው በባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና በባለ 15 አምፒር ፊውዝ ቀጥታ ከባትሪው ያገናኙ። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ 5 አምፒር ገደማ ይወስዳል፤ በሙቀት ግማሹን ሰዓት ቢሠራ ለ12 ሰዓት ሌሊት 30 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። ከባለ 100 የእርሳስ ባትሪ 50 ብቻ ይጠቀሙ። ሳይነዱ ሁለት ሌሊት የሚሰፍሩ ከሆነ ሶላር ያስፈልግዎታል፤ ያኔ ገመድ አያድንዎትም።

አሁን ያለውን ባትሪ በቻርጀር ሞልተው፣ ሁሉንም ነቅለው 12 ሰዓት ያሳርፉት። ከ12.4 በታች ከወረደ እሱም አብሮ ይቀየር። ሥራውን ሲጀምሩ ኔጌቲቩን ቀድመው ይንቀሉ፤ ሲጨርሱ ደግሞ ሁለቱም ፊውዞች ከየባትሪያቸው አጠገብ መሆናቸውን ሳያዩ ሞተር አያስነሱ።