ደንበኛው በዶላር ይከፍላል፣ እኔ በብር እቀበላለሁ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ የምኖር፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት የሆነኝ ሴት ነኝ። ለውጭ አገር ደንበኞች ሶፍትዌር ለሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። በወር 45 ሺህ ብር ይከፈለኛል፤ አብረውኝ ከተመረቁት ጋር ሲነጻጸር ጥሩ ደመወዝ መሆኑን አውቃለሁ። በቅርቡ ግን ድርጅቱ ለእኔ ሥራ ደንበኛውን በሰዓት 25 ዶላር እንደሚያስከፍል ተረዳሁ፤ ካወቅሁበት ቀን ጀምሮም ልቤ አላረፈም። በሌላ በኩል በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚኖረውና በዚሁ ሙያ ይሠራ የነበረው የአጎቴ ልጅ ከሥራው ተሰናብቶ፣ በስልክ ስናወራ «በርካሽ እየሠራችሁ እንጀራችንን አሳጣችሁን» አለኝ። ሥራው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የእኔ ዋጋ የሚያንሰው ለምንድን ነው? እየተበዘበዝኩ ነው ወይስ ዕድለኛ ነኝ? እሱስ እውነቱን ነው?
ሰ. መ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ከልብዎ ሊወጣ የሚገባው «የእኔ ዋጋ ያንሳል» የሚለው ሐሳብ ነው። ደመወዝ የሰውን የአእምሮ ብቃት ብቻ እንደማይለካ በጥሩ ሁኔታ ያሳየ ጥናት አለ። ማይክል ክሌመንስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ የአንድ የሕንድ ሶፍትዌር ኩባንያ ሠራተኞች የአሜሪካን የሥራ ቪዛ አመልክተው ጉዳያቸው በዕጣ ከተለየ በኋላ ምን እንዳገኙ ተከታትለዋል። ዕጣ ችሎታን አይቶ አይመርጥም፤ ስለዚህ ቪዛው የደረሳቸውና ያልደረሳቸው በትምህርትም በልምድም የሚመሳሰሉ የአንድ ኩባንያ ባልደረቦች ነበሩ። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ግን በአገራቸው ከቀሩት ብዙ እጥፍ የሚከፈላቸው ሆነው ተገኙ። በመካከላቸው የተለወጠው የሚሠሩበት ቦታ ብቻ ነበር።

ቦታ ስንል መሬቱን ማለታችን አይደለም። ሲያትል የተቀመጠ ባለሙያ ምርቱን ከሚገዛው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል፤ ችግሩ ሳይጻፍ በፊት ይሰማል፤ መብራትና ኢንተርኔት ይቋረጥብኛል ብሎ አይሰጋም፤ ቀጣሪው ቢያስከፋው ሌላ ቀጣሪ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ደመወዝን ይወስናል ብዬ አምናለሁ። ሌላ ገዢ ያለው ሠራተኛ ይደራደራል፤ አንድ ገዢ ብቻ ያለው የተሰጠውን ይቀበላል። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ የሶፍትዌር ባለሙያ መካከለኛ የዓመት ክፍያ 133 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የእርስዎን ደመወዝ አንዱን ዶላር በ150 ብር አስበን ብናሰላው በዓመት 3 ሺህ 600 ዶላር ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 37 እጥፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ጎንደር የቤት ኪራዩም የገበታውም ዋጋ ከሲያትል በእጅጉ ያንሳል፤ ስለዚህ በኑሮ ሲመዘን ልዩነቱ 37 እጥፍ አይሆንም። ነገር ግን ለሥራዎ የሚያስፈልገው ላፕቶፕ ጎንደር ሲደርስ ዋጋው አይረክስም፤ ቀረጥና ትራንስፖርት ተጨምሮበት እንዲያውም ይወደዳል።

አሁን ወደ ድርጅትዎ ሒሳብ እንምጣ። በሰዓት 25 ዶላር በወር ለ160 ሰዓት ሲሰላ 4 ሺህ ዶላር፣ በዚያው ምንዛሪ 600 ሺህ ብር ይሆናል፤ እርስዎ የሚያገኙት ከዚህ ላይ ሰባት ተኩል በመቶውን ነው። የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ድርጅቱ ደንበኛውን ለማግኘት ወራት ደክሟል፤ በሁለት ፕሮጀክቶች መካከል ያለ ሥራ የሚቀመጡ ሠራተኞችን ደመወዝ ይከፍላል፤ ሥራዎን የሚገመግሙ ነባር ባለሙያዎች አሉት፤ ለጡረታዎ የደመወዝዎን 11 በመቶ ይጨምራል፤ የንግድ ግብር ይከፍላል፤ ደንበኛው ሳይከፍል ቢቀር ኪሳራው የእሱ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሆኖም ይህን ሁሉ ቆጥሬም ሦስት ዓመት ልምድ ላለው ባለሙያ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አለመድረሱ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ድርጅቱ ከዚህ በላይ መክፈል ይችላል ብዬ እገምታለሁ። የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ከሰሊጥ ንግድ በደንብ ያውቀዋል፤ የመተማ ገበሬ በባሕር ማዶ ሰሊጡ የሚሸጥበትን ዋጋ እስካላወቀና ከአንድ ነጋዴ በቀር በሩን የሚያንኳኳለት እስካልኖረ ድረስ፣ የምርቱ ጥራት ብቻውን የተሻለ ዋጋ አያስገኝለትም። እርስዎ ግን ዋጋውን አውቀዋል፤ ይህ ለድርድር ትልቅ ነገር ነው።

ከደመወዙ መጠን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በብር መቆረጡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገልግሎታቸውን ለውጭ የሚሸጡ ድርጅቶች ገቢ በብር ሲቆጠር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ በዚያው ማሻሻያም ላኪዎች ከሚያገኙት የውጭ ምንዛሪ ግማሹን ይዘው እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። በብር ቁርጥ ደመወዝ የተቀጠሩት ባለሙያዎች ግን ውላቸው ካልተሻሻለ በቀር የዘይቱና የትራንስፖርቱ ዋጋ ሲጨምር ያው ደመወዛቸው ባለበት ቀረ። ስለዚህ ውልዎን ሲያድሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት፣ ደመወዝዎ በብር ቢከፈልም ስሌቱ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ከዶላር ጋር እንዲያያዝ ወይም ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንዲከለስ ይሁን። ገቢው በዶላር የሆነ ድርጅት ይህን ጥያቄ «አልችልም» ብሎ ለመመለስ ይቸገራል።

«ዕድለኛ ነኝ ወይ» ላሉት፣ የሕንድን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በባንጋሎር ማዕከሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ኢኮኖሚዋን ከከፈተች በኋላና በተለይም በ2000 መግቢያ ላይ ኮምፒዩተሮች ዓመተ ምሕረቱን ያሳስታሉ የተባለውን ችግር ለማረም በተፈጠረው ሥራ ኢንዱስትሪው ተስፋፋ። ልምድ ያካበቱት መሐንዲሶች ደመወዝ ከዓመት ዓመት አደገ፤ ብዙዎቹም የራሳቸውን ኩባንያ እስከ መክፈት ደረሱ። አዲስ ተመራቂዎች በትልልቆቹ የሕንድ ኩባንያዎች የሚጀምሩበት ደመወዝ ግን ከአሥር ዓመት በላይ እምብዛም ፈቀቅ ሳይል ቆይቷል፤ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚመረቁት ከሚፈለጉት ይበዛሉ። ከአፍሪካም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌጎስ ላይ የተመሠረተው አንዴላ ጀማሪ ወጣቶችን አሠልጥኖ ለውጭ ኩባንያዎች በማሠራት ስሙ ገንኖ ነበር፤ በ2019 ግን ገበያው ልምድ ያለውን እንጂ ጀማሪውን እንደማይፈልግ በመግለጽ በናይጄሪያ፣ በኬንያና በዩጋንዳ 400 ገደማ ጀማሪ መሐንዲሶችን አሰናበተ። እርስዎ ሦስቱን ከባድ ዓመታት አልፈዋል። ዕድልዎ ያለው 45 ሺህ ብሩ ላይ ሳይሆን በዚህ ልምድ ላይ ነው።

የአጎትዎን ልጅ በተመለከተ፣ ሐዘኑን አይናቁበት። ሥራ ማጣት በማንም አገር መራራ ነው፤ ስጋቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። የአሜሪካው የስታቲስቲክስ ቢሮ ራሱ፣ የተነደፈን ሶፍትዌር ወደ ኮድ የመቀየር ሥራ ዝቅተኛ ደመወዝ ባለባቸው አገሮች ሊሠራ እንደሚችል ባለፉት ዓመታት ትንበያዎቹ ጠቅሷል፤ ይህን ሥራ የሚሠሩት የፕሮግራመሮች ቁጥርም እየቀነሰ እንደሚሄድ ይተነብያል፤ ሶፍትዌሩን የሚነድፉና ከደንበኛ ጋር የሚመክሩ ባለሙያዎች ቁጥር ግን እየጨመረ ነው። ባለፉት ዓመታት ለታየው የሥራ ቅነሳ ደግሞ ሌሎች ምክንያቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወለድ በመናሩ ገንዘብ ተወደደ፤ በወረርሽኙ ወቅት ከሚገባው በላይ የቀጠሩ ኩባንያዎችም ሠራተኛ ቀነሱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የግብር ሕግ ለሶፍትዌር ልማት የወጣን ወጪ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ በአንድ ጊዜ መቀነስን ከልክሎ በአገር ውስጥ የተሠራውን በ5 ዓመት፣ በውጭ የተሠራውን በ15 ዓመት እንዲከፋፈል አደረገ። በ2025 ለአገር ውስጡ ሥራ ሕጉ ሲላላ የውጩ 15 ዓመት እንዳለ ቀርቷል፤ ማለትም መንግሥታቸው ለእሱ እንጂ ለእርስዎ አላደላም። ሥራውን ወደ ውጭ የሚልኩት ወጪ ቀንሰው ትርፍ የሚያሰሉ ኩባንያዎች ናቸው። በመካከላችሁ የሚያጣላ ነገር የለም፤ እንዲያውም የእርስዎ ክፍያ በጨመረ መጠን እሱን በርካሽ ሠራተኛ የመተካቱ ፍላጎት ይቀንሳል።

ለድርድሩ የሚጠቅም ሌላም ነጥብ አለ። ጎንደርና በርሊን በበጋቸው የአንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው የሁለት ሰዓት ልዩነት ብቻ ስላላቸው የሥራ ቀንዎ ከአውሮፓ ደንበኛ የሥራ ቀን ጋር ይገጥማል፤ ከሲያትል ጋር ግን አይገጥምም። ስለዚህ የአውሮፓ ደንበኛ ባለበት ፕሮጀክት ላይ እንዲመደቡና በስብሰባዎቹ ላይ በራስዎ አንደበት እንዲናገሩ ይጠይቁ። በየአገሩ የተበተኑ ሠራተኞች ያሏቸው ኩባንያዎች የደመወዝ መርሕም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጊትላብ በሚኖሩበት ቦታ ልክ ሲያሰላ፣ ቤዝካምፕ የተሰኘውን ፕሮግራም የሚያመርተው ኩባንያ የትም ቢኖሩ የሳን ፍራንሲስኮን ገበያ መነሻ ያደርጋል። በቀጥታ ለመቀጠር ካሰቡ ይህን አስቀድመው ይመርምሩ፤ ብዙዎቹ የዓለም አቀፍ ክፍያ መንገዶች በአገራችን የተሟላ አገልግሎት ስለማይሰጡ በባንክ የሚላክበትን ሁኔታ ከመፈረምዎ በፊት ይጨርሱ። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ ከውጭ በሚያገኘው ገቢም ላይ ግብር እንደሚከፍል አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ በአዘዞ የምኖር መምህርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የፕሮግራሚንግ ሥልጠና ክፈልልኝ ይላል፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሁሉን ሊሠራው ነው፣ ገንዘብህን አታባክን» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
አባት ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጅዎ ይማር፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ገንዘብ አይክፈሉ። ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መሠረቱን በነጻ ያስተምራል። እዚህ ላይ ግን አንድ ስጋቴን ልግለጽ። ብዙ ወጣት ተመሳሳይ መሠረታዊ ችሎታ ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ ገዢው ካልጨመረ የጀማሪ ክፍያ ይወርዳል፤ ከላይ ስለ ሕንድ የጻፍኩት ይኸው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከኮዱ ጎን ለጎን በጤና፣ በግብርና ወይም በሒሳብ አያያዝ አንድ ዘርፍ በጥልቀት ይያዝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ተቋም ነው፤ የሆስፒታልን አሠራር የሚያውቅ ፕሮግራመር ለማፍራት ከዚህ ከተማ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቀላሉን ኮድ መጻፍ መቻሉ እውነት ነው፤ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውም ሥራ ይህ ስለነበር ጎረቤቶችዎ ያነሱት ነገር መሠረት አለው። ቴክኖሎጂው የፈጠረው አዲስ ሥራ ሁሉ መልካም ነው ማለትም አይቻልም፤ የታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዘገበው፣ ቻትጂፒቲ ዘግናኝ ጽሑፎችን እንዲለይ ለማሠልጠን እነዚያን ጽሑፎች እያነበቡ ይለዩ የነበሩ ኬንያውያን በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው ነበር። ልጅዎ «ዳታ መለየት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ሲያይ የሰዓቱን ክፍያና የሚያነበውን ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከልጅዎ ትጋት በላይ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ያስታውሳሉ። ከውጭ ደንበኛ ጋር የሚሠራ ሰው ለሁለት ቀን ከጠፋ ደንበኛው ይጠይቃል፤ ለሁለት ሳምንት ከጠፋ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ናይሮቢም ሌጎስም የሚጠብቁ ሌሎች አሉ። የመስመር መቋረጥ በሰዓት ክፍያው ላይ ጭምር ይታያል፤ የማይተማመን ደንበኛ ዋጋ ይቀንሳልና። ስለዚህ ልጅዎ ሥራ ሲጀምር የሁለቱንም የቴሌኮም ኩባንያዎች መስመር ይያዝ፤ ከመስመር ውጭ ሊሠራ የሚችለውን ይለማመድ፤ አስቸጋሪ ጊዜ ሲመጣ የት ሄዶ እንደሚሠራ ለደንበኛው በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ያሳውቅ። እርስዎም እንደ መምህርና እንደ ወላጅ፣ ያልተቆራረጠ ኢንተርኔት ለወጣቶች የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን በሚደርሱበት መድረክ ሁሉ ያንሱ።