«ያንተ ደም በየቤቱ ሞልቷል»

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው የምጽፍላችሁ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ለግሼ የደም ዓይነቴ ኦ ፖዘቲቭ መሆኑ ተነገረኝ። ይህን የሰማ ጓደኛዬ «ያንተ ደም በየቤቱ ሞልቷል፤ የሚፈለገው እንደ እኔ ያለው ኤቢ ፖዘቲቭ ነው» አለኝ። ለመሆኑ ከለጋሾች መካከል የትኛው የደም ዓይነት ይበዛል? የእኔ በብዛት የሚገኝ ከሆነስ በየሦስት ወሩ መመላለሴ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ስለ ብዛቱ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

በአገራችን ደም ከሚለግሱ 100 ሰዎች መካከል ወደ 40 የሚጠጉት ኦ፣ 30 ገደማ የሚሆኑት ኤ፣ ከ20 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ቢ ናቸው፤ ኤቢ የሆኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከአካባቢ አካባቢ መጠነኛ ልዩነት ቢታይም ኦ ቀዳሚ፣ ኤቢ የመጨረሻ መሆናቸው አይለወጥም። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ፣ ማለትም ከደም ዓይነቱ ስም ቀጥሎ በ«ፖዘቲቭ» ፈንታ «ኔጌቲቭ» የሚባልለት ሰው በአብዛኛው ከ100 ለጋሾች ከ10 በታች ነው፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ወደ 15 ከፍ ሲል፣ በምሥራቅ እስያ አንድ እንኳ አይሞላም።

አሁን ለጋሾቹን ትተን ወደ ሕሙማኑ እንመልከት። ደም የሚያስፈልገውም የዚያው ሕዝብ ልጅ ስለሆነ፣ ሆስፒታል ከተኙት 100 ሕሙማን ውስጥም ወደ 40 የሚሆኑት ኦ መሆናቸው አይቀርም። የኦ ሰው ደም ኤንም ቢንም የሚያጠቁ አንቲቦዲዎችን ስለሚይዝ፣ ኦ የሆነ ሕመምተኛ ቀይ የደም ሴል መቀበል የሚችለው ከኦ ለጋሽ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የእርስዎ ደም አርኤች ፖዘቲቭ ለሆኑ የኤ፣ የቢና የኤቢ ሕሙማን ጭምር ሊሰጥ ስለሚችል፣ የእነርሱ ዓይነት ከማቀዝቀዣው ሲያልቅ ዓይን የሚያርፈው ኦ ላይ ነው። የሕመምተኛውን የደም ዓይነት ለመለየት እንኳ ጊዜ በማይገኝበት አደጋ ደግሞ ተመራጩ ኦ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ለጋሹ የበዛለት ደም ፈላጊውም የዚያኑ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይበዛበታል። ጓደኛዎ ግን አንድ ቀን ደም ቢያስፈልጋቸው ቀይ የደም ሴል ከሁሉም ዓይነት መቀበል ይችላሉና ከእርስዎ ይልቅ ዕድለኛ ናቸው።

በእኔ አስተያየት «ብርቅ ደም» የሚለው አነጋገር ሳይታሰብ ጉዳት አድርሷል፤ ደሙ ብርቅ ያልሆነው ሰው እንደማይፈለግ ቆጥሮ ቤቱ እንዲቀመጥ ያደርጋልና።

የመመላለስዎ ጥቅም ከደሙ ዕድሜም ጋር ይያያዛል። ቀይ የደም ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ተጠብቆ እንኳ፣ በተለመደው ማቆያ ፈሳሽ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ዛሬ የሰጡት ደም ከሁለት ወር በኋላ በወሊድ ደም ለሚፈስሳት እናት አይደርስም፤ ለእርሷ የሚደርሰው በመካከሉ ሌላ ኦ የሰጠው ነው። የእርስዎም ተራ በሦስተኛው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ጓደኛዎ ለግሰው ያውቁ እንደሆነ አልጻፉልንም። ካልለገሱ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የፕላዝማ፣ ማለትም የደም ሴሎቹ የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ፣ ሕግ ከቀይ የደም ሴል ሕግ የተገለበጠ ስለሆነ፣ የኤቢ ሰው ፕላዝማ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢም ሆነ ኦ ለሆነ ሕመምተኛ ሁሉ ይሰጣል።