የሠራዊት ሐኪም የነበሩ አባትን የሕይወት ታሪክ ስለመጻፍ

እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የአባታችሁንም ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። በጥያቄዎ እንደገለጹት፣ ለአርባቸው የሚነበበውንና ለዘመድ የሚታደለውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ ቤተሰቡ እርስዎን መርጧል፤ በእጅዎ ያለው ግን የማዕረግና የሜዳሊያ ዝርዝር ብቻ ነው፤ አባታችሁም ስለ ግንባር በቤት ውስጥ አንዳች ነገር አውርተው አያውቁም። የእኔም አባት በጦር ሠራዊቱ በሐኪምነት ያገለገሉና ስለ ጦርነት የማያወሩ ሰው ነበሩ፤ ታሪካቸውን የጻፍሁት እኔ በመሆኔ፣ የጠቀመኝን ልንገርዎ።

በሰነድ ከመጀመር ይልቅ በሰው ይጀምሩ። ሰነዱ ሠራዊቱ ሐኪሙን መቼና የት እንደ መደባቸው ይነግርዎታል፤ እዚያ ምን እንደ ሠሩ የሚያውቁት ግን አብረዋቸው የነበሩት ድሬሰሮች (ቁስል የሚያጥቡና የሚያሽጉ ረዳቶች)፣ ነርሶች፣ የአምቡላንስ ሾፌሮችና የታከሙት ወታደሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ስለ ገፋ፣ ፍለጋውን ለነገ አያሳድሩት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን የማታውቋቸውን ሽማግሌዎች ስምና ስልክ ከእድርተኛው ወይም ከጎረቤት ጠይቀው ይያዙ፤ እኔ የአባቴን ድሬሰር ያገኘኋቸው በዚሁ መንገድ ነው።

እኚህ ሰው ከአባቴ ጋር አስመራ ነበሩ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ አስመራ ከባሕርም ከየብስም ተቆርጣ ስንቅና መድኃኒት የሚገባላት በአየር ብቻ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ ለአንድ ቀዶ ሐኪም ምን ማለት እንደሆነ ግን የተረዳሁት ከእርሳቸው ነው። ያገለገለ ፋሻ ታጥቦ፣ ተቀቅሎና ደርቆ ተመልሶ ይጠቀለል ነበር። አባቴ ቁስለኛ በሚበዛበት ሌሊት በቃሬዛዎቹ መካከል እየተመላለሱ ተራውን ራሳቸው ይወስኑ ነበር፤ ሆዱን የተመታ ወይም ደሙ ያልቆመለት ተራ ወታደር ቀድሞ ይገባል፣ ክንዱን የቆሰለ መኮንን ማዕረጉ ምንም ቢሆን ይጠብቃል። ከጠላት ወገን የተማረከ ቁስለኛም በዚያው ተራ ውስጥ ነበረ። በእ.ኤ.አ. 1949 የጄኔቫ ስምምነቶች ቁስለኛ ያለ ልዩነት እንዲታከም መደንገጋቸውን ሐኪሞች ይማሩታል፤ አንድ የበላይ አዛዥ «የእኛው ልጅ ይቅደም» ብሎ በሚቆጣበት ሰዓት በዚያ መጽናት ግን የሰውየው ጠባይ ነው። በእኔ አስተያየት ከማናቸውም ሜዳሊያ ይልቅ የሚነበበው እንዲህ ያለው ነው።

ዘመንን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ውጭ አገር የተማሩበት ምስክር ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገር ውስጡ የዝውውርና የማዕረግ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ስለሚሆን፣ ሁለቱን ሳያስማሙ ከጻፉ ሰውየው ሳይመረቁ የዘመቱ ይመስላሉ። ወረቀት የጠፋበትን ዘመን ደግሞ በቤተሰብ ትዝታና በታወቀ ቀን ያገናኙት። እናቴ ዓመተ ምሕረት አትይዝም፤ ነገር ግን «ሁለተኛዋን ስወልድ እሱ በጅጅጋ ግንባር ነበረ፣ ካራማራ ነጻ ወጣ የተባለው በአራስ ቤት ሳለሁ ነው» ስትለኝ፣ ካራማራ ነጻ የወጣው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አባቴ የትኛው ወር የት እንደ ነበሩ ታወቀ። በኤርትራ የተደረገው የአፋቤት ውጊያ መጋቢት 1980፣ የከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት ግንቦት 1981 ዓ.ም. መሆናቸውንም እንደ ችካል ይጠቀሙባቸው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልመለስ፤ ጥያቄዎ ላይ «ጥሩ አባት ነበሩ ከማለት በቀር ምን እንደምጽፍ አላውቅም» ብለዋልና። ለቤተሰቡ አሳቢ የነበረ ወታደር ብዙውን ጊዜ ከቤቱ የራቀ ነው፤ ይህን አይሸሽጉት። በሌሉባቸው ዓመታት ደመወዛቸውን በውክልና እየተቀበለች፣ ልጅ እያስተማረች፣ በሬዲዮ የሚነገረውን እየሰማች ሌሊቱን የምታነጋው እናት በታሪኩ ውስጥ ስሟ በሙሉ ሊጻፍ ይገባል። ከዚያ የአባትዬውን ፍቅር በሠሩት ነገር ያሳዩ። የእኔ አባት ፈቃድ ወጥተው ሲመጡ በቅድሚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው ነው የሚያቅፉን። ማታ የሁላችንን ደብተር አስመጥተው በጋዜጣ ይለብዱልን ነበር፤ የወረቀቱን ጠርዝ ፋሻ እንደሚያጥፉ አድርገው ጥንቅቅ ብሎ እስኪተኛ ይጫኑታል፤ በየደብተሩም ስማችንን ከነአያታችን ይጽፋሉ። እኅቶቼና ወንድሞቼ ይህ ሲነበብ ነው ያለቀሱት። እርስዎም ወንድም እኅቶችዎን ለየብቻ ይጠይቋቸው እንጂ በአንድነት ሰብስበው አይጠይቁ፤ በአንድነት ሲሆኑ ታላቅየው የተናገረውን ሌላው ያጸድቃል፣ ታናሽየዋ የምታውቀው ነገር ይቀራል።

ብዙ ቤተሰብ ዘልሎት የሚያልፈው ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ዘመን ነው። ሠራዊቱ ሲበተን መኮንኖቹ እንደ ጦላይ ባሉ ካምፖች መቆየታቸው፣ ሲወጡም ያለ ደመወዝ ሥራ ፍለጋ መዞራቸው የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሐኪሙ በሰው ክሊኒክ ተቀጥረው ልጆቻቸውን አስተምረው ከሆነ፣ ወይም በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከቀድሞው ሠራዊት ከተጠሩት ባለሙያዎች አንዱ ከነበሩ፣ በግልጽ ይጻፍ። በቤተሰብ መካከል የፖለቲካ ክርክር ከተነሳ፣ ታሪኩ የአንድ ሐኪም ታሪክ እንጂ የመንግሥታት ፍርድ እንዳልሆነ አስረድተው፣ የሆነውን በቦታውና በቀኑ ብቻ ማስፈሩ ሁሉንም ያስማማል። በሕይወት ያሉ ታካሚዎችን በስም ከመጥቀስዎ በፊት ግን ፈቃዳቸውን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ሁለት ጽሑፍ ያዘጋጁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚነበበው ከአንድ ገጽ ተኩል ባይበልጥ መልካም ነው፤ ሰው ቆሞ ስለሚያዳምጥ ትውልዳቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ አንድ የግንባር ታሪክና አንድ የቤት ታሪክ፣ ከዚያም የተረፉትን ቤተሰቦች ይዞ ይብቃ። አንባቢውም ልጅ ባይሆን፣ ይልቁንም ድምፁ የማይናወጥ የሥራ ባልደረባ ቢሆን ይሻላል። የሚታደለው ግን ረዘም ይበል፤ ደብዳቤዎቻቸውና ፎቶዎቻቸውም ይግቡበት። በፎቶው ውስጥ ያሉት እነማን እንደሆኑ እናትዎ በሕይወት እያሉ ጠይቀው ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉ። ረቂቁን ሲጨርሱ በውስጥ መስመር ቢልኩልኝ፣ ቀኖቹን አብሬዎት አመሳክራለሁ።