የአጎቴን ታሚያ ላሠራው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ጥያቄ፦ አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን የታሚያ ሆርኔት የሪሞት መኪና ሰጠኝ። አይንቀሳቀስም። ይሠራል ወይስ አዲስ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትጥለው! የታሚያ ኩባንያ ይህንኑ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና ስላወጣው ጎማውም ቦዲውም አዲስ ይገኛል። መጀመሪያ የድሮውን ባትሪ አውጣ፤ ካፈሰሰ በባዶ እጅህ አትንካው። ከዚያ ሞተሩን ነጥለህ በ7.2 ቮልት ባትሪ ሞክረው። ከዞረ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን እይ፤ የድሮው በሰርቮ (ከሪሞቱ በሚታዘዝ ትንሽ ሞተር) የሚገፋ ስለሆነ ኮንታክቶቹ (ኤሌክትሪክ የሚያገናኙት ብረቶች) ይዝጋሉ። በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋቸው። የ27 ሜጋኸርዝ ሪሞቱን ግን እኔ ብሆን በ2.4 ጊጋኸርዝ እቀይረዋለሁ፤ የድሮው በሌላ ሞገድ ቶሎ ይረበሻል። አዲስ ግዛ የምልህ ሻንሲው ከተሰነጠቀ ብቻ ነው፤ ያኔም የአጎትህን ቦዲ አዲሱ ላይ ግጠመው።