ሁለት ሽጉጥ ገዛሁ፣ መርማሪ በሬን አንኳኳ፤ ስሜ ማን ጋ ነው ያለው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ መሸጫ ሁለት ሽጉጥ ገዛሁ፤ አንዱ ለራሴ፣ ሌላው ለባለቤቴ። በካርድ ነው የከፈልኩት። ገዢው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው አለመሆኑ የሚረጋገጥበትን ማጣሪያ ሁለቱንም ጊዜ አልፌያለሁ። ብዙም ሳይቆይ የኤቲኤፍ (የፌዴራሉ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የመሣሪያና የፈንጂ ቢሮ) መርማሪ ቤቴ መጥቶ ሽጉጦቹን ማየት እንችላለን ወይ አለኝ። ደንግጬ ሌላ ቀን ኑ አልኩት። መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን ዝርዝር ይዞ ይከታተለናል ማለት ነው? ባንኬ ይሆን የነገራቸው? ተመልሰው ቢመጡስ? ዜግነት ልጠይቅ እየተዘጋጀሁ ስለሆነ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

መልስ፦ «ሌላ ቀን ኑ» ማለትዎ ወንጀል አይደለም፣ ይረጋጉ። ግን ተመልሰው ከመምጣታቸው በፊት ሲገዙ የሞሏቸውን ፎርሞች አንብቦ የሚያማክርዎ ጠበቃ ይያዙ፤ እኔ እዚህ የምጽፈው ለሁሉም አንባቢ የሚሆን ማብራሪያ ነው፣ የእርስዎን ወረቀት አላየሁትም። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ባንክዎ የነገራቸው አይመስለኝም። በጽሑፍዎ ላይ ያለው ፍንጭ የሚያሳየው ሻጩን ነው። አንድ ሰው ከአንድ ባለፈቃድ ሻጭ በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሽጉጥ ከገዛ፣ የፌዴራል ሕግ ሻጩን ዕለቱኑ ሪፖርት እንዲልክ ያስገድደዋል። አንዱ ለኤቲኤፍ ይሄዳል፣ አንዱ ለክልሉ ወይም ለአካባቢው ፖሊስ። ሻጩ ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ አይቀየሙት። ዓላማው ሽጉጥ በብዛት እየገዙ ለወንጀለኛ የሚያስተላልፉትን መያዝ ነው። መርማሪው የመጣውም ሁለቱ ሽጉጦች አሁንም እርስዎ ጋ መሆናቸውን ለማየት ይመስላል። የአካባቢው ፖሊስ፣ ገዢው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው ካልሆነ፣ የደረሰውን ቅጂ በ20 ቀን ውስጥ ማስወገድ አለበት። ይህ በሕጉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ነው። እናንተ ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ፣ ከሜክሲኮ ጋር በሚዋሰኑት አራት ክልሎች ስለምትካተቱ፣ አንዳንድ ዓይነት ጠመንጃዎችንም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲገዙ ተመሳሳይ ሪፖርት እንደሚላክ እወቁ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። ዝርዝር አለ ወይ?

በ1986 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ የፌዴራል መንግሥት የመሣሪያ፣ የመሣሪያ ባለቤቶች ወይም የሽያጭ መዝገብ ሥርዓት እንዳያቋቁም ተከልክሏል። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው የኤፍቢአይ ማጣሪያም ቢሆን፣ እርስዎ ካለፉ በኋላ መለያ መረጃዎን በ24 ሰዓት ውስጥ መደምሰስ አለበት። የወደቀ ሰው መረጃ ግን ይቀመጣል፤ በ2022 የወጣ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ማጣሪያውን ሲወድቅ ለአካባቢው ፖሊስ እንዲነገር ያዛል። እርስዎ የሞሉት ፎርም 4473 ያለው ሻጩ ጋ ነው። ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ የትውልድ ቦታዎ፣ የዜግነት ሁኔታዎ፣ የሽጉጡ መለያ ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ አለ። ፖሊስ ወንጀል ቦታ ላይ ሽጉጥ ሲያገኝ ኤቲኤፍ መለያ ቁጥሩን ይዞ ከአምራቹ ወደ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩ ወደ ሻጩ እየጠየቀ ይሄዳል፤ ሻጩም ፎርሙን አውጥቶ የመጀመሪያውን ገዢ ስም ይናገራል።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ ሲነበብ ያጽናናል። ነገር ግን ሱቁ ሲዘጋስ? ያኔ ወረቀቱ ሁሉ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ወዳለው የኤቲኤፍ ማዕከል ይላካል። እዚያ በምስል ይቀረጻል። በ2022 መጀመሪያ ላይ ለኮንግረስ አባላት በተሰጠ መልስ የዚህ ክምችት ብዛት ከ900 ሚሊዮን መዝገብ በላይ እንደሆነ ታውቋል። ኤቲኤፍ ምስሎቹ በስም እንዳይፈለጉ ተደርገው የተቀመጡ ናቸው ይላል። እኔ ይህ ገደብ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ገደቡን የሚያስጠብቀው የኮምፒውተር ቅንብርና የሠራተኛ ታማኝነት መሆኑን ስገነዘብ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። በ2016 የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት አራት የኤቲኤፍ የመረጃ ሥርዓቶችን መርምሮ፣ ሁለቱ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ሳይከተሉ እንደቆዩ አግኝቷል። አንዱ ልክ እርስዎን የሚመለከተው ነበር፦ የብዙ ሽጉጥ ግዢ ሪፖርት ከወንጀል ጋር ካልተገናኘ ከሁለት ዓመት በኋላ የገዢው ስም መሰረዝ ሲገባው ሳይሰረዝ የቀረ ነበር። ኤቲኤፍ በ2022 ያወጣው ደንብ ደግሞ ሻጮች ከ20 ዓመት በኋላ መዝገብ ማስወገድ የሚችሉበትን አሠራር አስቀርቶ ሱቁ እስከሚዘጋ ድረስ እንዲያቆዩ አደረገ። ስለዚህ «የፌዴራል ዝርዝር የለም» ሲሏችሁ አልዋሿችሁም፤ ስማችሁ ግን በብዙ እጅ ተበታትኖ አለ፣ መብታችሁም የሚለየው በየትኛው እጅ እንዳለ ነው።

ክልል ስትቀይሩ ነገሩ ይቀየራል። ቴክሳስ የመሣሪያ ምዝገባ የላትም። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ሃዋይ ግን በራሳቸው መንገድ መዝገብ ይይዛሉ። የዚያ አደጋ ምን እንደሆነ በ2022 ታይቷል፤ የካሊፎርኒያ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ መሣሪያ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስምና አድራሻ ለሕዝብ ተጋልጦ ነበር። ከነዚያ መካከል ከሚያሳድዳት ሰው ተደብቃ የምትኖር ሴት ብትኖርስ? ለእኔ የግላዊነት ጥያቄ ከፖለቲካ በፊት ይህ ነው።

ስለ ካርዱ እንነጋገር። በ2022 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለመሣሪያ መሸጫዎች የተለየ የነጋዴ ኮድ አጸደቀ። ካሊፎርኒያ ኮዱ ሥራ ላይ እንዲውል በሕግ አዘዘች፤ ቴክሳስን ጨምሮ በርካታ ክልሎች ደግሞ ከለከሉ። ኮዱ የሚናገረው የት ሱቅ እንደከፈሉ እንጂ ምን እንደገዙ አይደለም፤ ድንኳን ቢገዙም ካዝና ቢገዙም ያው ነው። ግን አትሳሳቱ፣ ባንክ ጋ ያለ መረጃ ደካማ ጥበቃ ነው ያለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ለባንክ በፈቃድ የሰጡት መዝገብ አግባብ የሌለው ብርበራን በሚከለክለው በአራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንደማይጠበቅ ወስኗል። ከዚያ በኋላ በ1978 የወጣ ሕግ የተወሰነ ከለላ ሰጥቷል፤ መርማሪ ግን የባንክ መዝገብ ለማግኘት ቤት ለመበርበር የሚያስፈልገው ያህል አይጠየቅም። በ2018 ፍርድ ቤቱ ስልክ የት የት እንደነበረ የሚያሳየውን ረጅም ታሪክ ለማየት ማዘዣ ያስፈልጋል ብሎ የ1976ቱን ውሳኔ ትንሽ አጠበበው፣ ለባንክ መዝገብ ግን አልዘረጋውም።

መረጃዎ ያለው መንግሥትና ባንክ ጋ ብቻ ነው ብለው አያስቡ። በ2019 የፍትሕ ሚኒስቴር አንድን የጠመንጃ መነጽር መቆጣጠሪያ አፕ ያወረዱ ሰዎችን መረጃ ከአፕልና ከጉግል ጠይቆ ነበር፤ ምርመራው ያተኮረው በሕገ ወጥ የመነጽር ኤክስፖርት ላይ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄው አፑን ያወረዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎችን የሚነካ ነበር። በ2024 ደግሞ የምርመራ ዜና ድርጅቱ ፕሮፐብሊካ፣ ሰዎች ለገዙት መሣሪያ ዋስትና ብለው የሞሏቸው ካርዶች ላይ ያለ መረጃ በመሣሪያ ኢንዱስትሪው ማኅበር በኩል ለምርጫ ቅስቀሳ ይውል እንደነበር በምርመራ አጋልጧል። ከሽጉጡ ሳጥን ውስጥ የሚወጣውን ካርድ መሙላት ግዴታ የለብዎትም። አይሙሉት።

ተመልሰው ሲመጡስ? መርማሪ እንደማንኛውም ሰው በርዎን አንኳኩቶ መጠየቅ ይችላል። እርስዎም እንደማንኛውም ሰው አለመክፈት ይችላሉ። ግሪን ካርድ ያዢም ቢሆን ቤቱ በአራተኛው ማሻሻያ ይጠበቃል። ዳኛ የፈረመበት የብርበራ ማዘዣ ይዘው ከመጡ አይከላከሉ፣ እጅዎን ከማንኛውም መሣሪያ ያርቁ፣ ወረቀቱ ላይ አድራሻዎና የሚፈለገው ነገር መጻፉን ይመልከቱ። ማዘዣ ከሌለ፣ በሩን ሳይከፍቱ «እንድትገቡ አልፈቅድም፣ በጠበቃዬ በኩል ነው የምነጋገረው» ይበሉ፣ ካርዳቸውን በር ላይ እንዲተዉ ይንገሯቸው፣ ይበቃል። እምቢ የማለት መብት እንዳለዎት የመንገር ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚህ እነሱ ያስታውሱኛል ብለው አይጠብቁ። ባለቤትዎም ይህን ይወቁ፤ እርስዎ ቤት በሌሉበት እሷ «ግቡ» ካለች ፈቃዷ ይሠራል። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ ፖሊስ «ለደኅንነቱ ብለን ነው» ብሎ ብቻ ያለ ማዘዣ ቤት ገብቶ ሽጉጥ መውሰድ አይችልም። በጉዳዩ የነበረው ሰው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ነበር ሽጉጦቹ የተወሰዱበት።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርዎ፤ እሱም ሁለተኛው ሽጉጥ ነው። ፎርሙ ላይ «ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ» ብለው ፈርመዋል። በገንዘብዎ ገዝተው ለባለቤትዎ ስጦታ ከሆነ ይፈቀዳል፣ የፎርሙ መመሪያ ራሱ ይለዋል። ሌላ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ «ግዛልኝ» ብሎ ከሆነ ግን ወንጀል ነው። በ2014 የተወሰነ ጉዳይ አለ፦ የቀድሞ ፖሊስ የሆነ የቨርጂኒያ ሰው ለአጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎቱ ገንዘቡን በቼክ ልኮለታል። አጎትየው መሣሪያ መያዝ የሚችል ንጹሕ ሰው ነበር። ይህም ሆኖ ገዢው ጥፋተኛ ተባለ። በፎርሙ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ መያዝ ለተከለከለ ሰው መግዛት ደግሞ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት። ባለቤትዎ ያለችው በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ከሆነ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉ በቀር ሽጉጡን መያዝ አትችልም፣ ይህን ዛሬውኑ ለጠበቃዎ ይንገሩ። በር ላይ ቆሞ «ይሄኛው የማን ነው?» ሲባል ደንግጦ የሚሰጥ መልስ አደገኛ ነው፤ ለፌዴራል መርማሪ ሐሰት መናገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ እስከ 5 ዓመት። ዝም ማለት ግን ወንጀል አይደለም።

ዜግነቱን በተመለከተ፣ በሕጋዊ መንገድ የገዙት ሽጉጥ በራሱ ማመልከቻዎን አይጥልም። ሁለት ነገር ግን ይጥላል። የመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለማባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ፎርሙ ላይ የዜግነት ጥያቄ አለ፣ እርስዎም የኢሚግሬሽን ቁጥርዎን መሙላት ነበረብዎት። በችኮላ «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ከሆነ፣ በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ አንዱ ነውና ማመልከቻውን ከመላክዎ በፊት መፈተሽ አለበት። እግረ መንገዴን፣ ፎርሙ ስለ አደንዛዥ ዕፅም ይጠይቃል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነው። «እኛ አገር ችግር የለውም» የሚል መልስ እዚህ አይሠራም።

ስማችን ከሌላ ሰው ስም ጋር እየተመሳሰለ ማጣሪያው የሚዘገይባችሁ ደግሞ ብዙ ናችሁ። ኤፍቢአይ ጋ በፈቃደኝነት የሚከፈት ፋይል አለ፤ መረጃዎን እንዲያስቀምጡ ትፈቅዱላቸዋላችሁ፣ እነሱ ለቀጣይ ግዢ የሚያገለግል መለያ ቁጥር ይሰጧችኋል። ግላዊነትን በጊዜ መሸጥ ነው፤ በተደጋጋሚ ለሚታገድ ሰው ግን ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ስለ እርስዎ ምን እንደያዙ ማወቅ ከፈለጉ የ1974ቱ የግላዊነት ሕግ ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ለግሪን ካርድ ያዢዎችም ይሠራል። በጽሑፍ ይጠይቁ። የምርመራ ፋይል ነው ብለው ከፊሉን ሊከለክሉ ይችላሉ። ጠበቃዎ ጊዜው ነው እስኪል ድረስ ግን ይህን ጥያቄ አይላኩ።

ከሁለቱ አንዱን ወደፊት መሸጥ ቢያስቡ ደግሞ፣ ቴክሳስ ውስጥ በግለሰቦች መካከል ማጣሪያ አይጠየቅም፣ ግን የሽጉጡ መለያ ቁጥር በማንኛውም ቀን የሚመራው ወደ መጀመሪያው ገዢ፣ ማለትም ወደ እርስዎ ነው። በባለፈቃድ ሻጭ በኩል ያስተላልፉት። ካልሆነም ቀኑን፣ መለያ ቁጥሩንና የተቀባዩን ስም የያዘ የተፈረመ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ግልባጩንም ከግሪን ካርድ ሰነዶችዎ ጋር ያስቀምጡት።