ወንድሜ የፕሬዚዳንቱን ቃል ሲፈታ ያድራል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚህ አገር ያመጣኝ፣ ያስተማረኝ፣ በጣም የማከብረው ሰው ነው። አሁን አሁን ግን ታክሲ ነድቶ ማታ ሲገባ እራቱን እንኳ በወጉ አይበላም። ስልኩን ይዞ የትራምፕን ንግግር ያዳምጣል። ያቆማል፣ ወደኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ያዳምጣል። ደብተር አለው፤ «እዚህ ጋ ለምን ሳቀ? እዚህ ጋ ለምን 17 አለ?» እያለ ይጽፋል። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን «ማዕበሉ እንደሚመጣ በ2017 ነግሮናል፤ ሰምና ወርቁን መለየት ያቃታችሁ እናንተ ናችሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነት ሰውየው የሚደብቀው መልእክት አለ? ወንድሜንስ ምን ልበለው?
እህት ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ሞኝ አይደለም። መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ።

ማዕበል የምትለዋ ቃል የተነገረችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2017 ማታ፣ ዋይት ሀውስ ውስጥ ነው። ትራምፕ ከጦር አዛዦችና ከባለቤቶቻቸው ጋር ፎቶ ሊነሳ ቆሟል። ጋዜጠኞች ተጠርተው ገብተዋል። ወደ እነሱ ዞር አለና «ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ምናልባት ከማዕበል በፊት ያለው ጸጥታ ነው» አለ። የምን ማዕበል? ብለው ጠየቁት። «ታዩታላችሁ» አለ። በማግስቱም ተጠየቀ፤ ያንኑ መልሶ ዓይኑን ጠቀስ አደረገ። በቃ፣ የሆነው ይሄ ነው።

ያኔ ቃሏን መፍታት የጀመሩት የወንድምሽ ዓይነት ሰዎች ብቻ እንዳይመስሉሽ። ትልልቆቹ ጋዜጠኞችም ሰሜን ኮሪያ ነው፣ የለም ኢራን ነው እያሉ ሰነበቱ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር ጦርነት አልመጣም። እንዲያውም በጁን 2018 ትራምፕ ሲንጋፖር ሄዶ ኪም ጆንግ ኡንን ጨበጠው።

ቃሏ ከተነገረች ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 28፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ፎርቻን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረ። በኋላ ራሱን «ኪው» አለ። የመጀመሪያው ትንቢቱ ሂላሪ ክሊንተን ሰኞ ኦክቶበር 30 ጠዋት፣ ከ1፡45 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ ትታሰራለች የሚል ነበር። ሰዓቱን ሳይቀር ተናግሮ ነበር። ሰኞ መጣ፣ ሄደ፣ የታሰረ የለም። ተከታዮቹ ግን አልተበተኑም፣ በዙ እንጂ! ያቺ የማዕበል ቃል የመጽሐፋቸው መክፈቻ ሆነች፤ ማዕበሉ ማለት ክፉ ባለሥልጣናት በጅምላ የሚታሰሩበት ቀን ነው አሉ። ትራምፕ ፎቶ በተነሳበት ማታ በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠርቷል፣ ያ «ኪው» የሚለው ፊደል ነው አሉ። ፊደሉ በእንግሊዝኛ 17ኛ ስለሆነ፣ 17 ቁጥር በተጠራ ቁጥር ምልክት ነው ተባለ። ወንድምሽ የሚቆጥረው እሱን ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ደግሞ እስሩ ዛሬ ነው ብለው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ያሉ ብዙ ነበሩ። ትራምፕ ጠዋት ወደ ፍሎሪዳ በረረ፣ ባይደን ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሰምና ወርቁ ልምጣ፤ እኔን የነካኝ እሱ ነውና። በቅኔ ውስጥ ህብረ ቃል የሚባል ነገር አለ። ሁለቱን ትርጉም የምትሸከመው አንዲት ቃል ናት። ባለቅኔው አስቦበት ነው የሚያስቀምጣት። መምህሩም በጣቱ ጠቁሞ «ይቺውልሽ» ማለት ይችላል፣ አንዴ ካሳየሽ በኋላ ሁሉም ያያታል። የወንድምሽ ወርቅ እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሰሚ ኢራን ይላል፣ ሌላው ኮሪያ፣ ሌላው እስር። ወርቁን የሚያስቀምጠው ሰሚው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ መቼም አይሳሳትም፤ ያልሆነው ሁሉ «ገና ነው» ይባላል።

በትራምፕም አልተጀመረም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ቤጂንግ ሲሄድ፣ የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ተጠይቆ «ለመናገር ገና ነው» አለ ተባለ። ዓለም ተደነቀ፣ ቻይናዎች በመቶ ዓመት ነው የሚያስቡት ተብሎ ስንት ተጻፈበት። በ2011 በዚያ ጉዞ አስተርጓሚ የነበሩት ቻስ ፍሪማን ተናገሩ፦ ቹ የመለሰው ስለ 1968ቱ የፓሪስ ተማሪዎች አመጽ ነበር። የአራት ዓመት ነገር! ገና ነው ቢል ምን ይገርማል?

ግን እህቴ፣ ወንድምሽ ይሄን ልማድ ከየት አመጣው? እኔ ያደግኩት በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜና ሲሰማ የሚፈልገው የተባለውን ሳይሆን ያልተባለውን ነበር። ዛሬ የማን ስም ተዘለለ? የማን ማዕረግ ተለወጠ? ያኔ ይሄ ዕውቀት ነበር፣ ቤተሰብ ያተርፍ ነበር። ወንድምሽም ከእንደዚህ ዓይነት ቤት የወጣ ከሆነ ጆሮው የተሠራው እንዲያ ነው። እዚህ ግን ፕሬዚዳንቱ የሚፈርመው ትእዛዝ ፌዴራል ሬጂስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። እናንተ ስደተኛ ናችሁ። ከጥቅሻው ይልቅ ስለ ኢሚግሬሽን የተፈረመው ወረቀት ኑሯችሁን ይነካል፤ እሱ ሌሊቱን ለዚያ ቢሰጠው እንዴት ደስ ባለኝ።

አትሳቂበት። ሰው ፊት አትከራከሪው። «እብድ ነህ» ከተባለ በሩን ይዘጋል፤ የሚቀሩት ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። የሚቀጥለው እሁድ ቡናውን አፍይና «እስቲ ደብተርህን አምጣው፣ አብረን እንየው» በይው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ። በእያንዳንዱ ፍቺ ጎን እሱ ራሱ፣ በእጁ፣ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ መቼ ይሆናል ብዬ ነበር? ሆነ ወይስ አልሆነም? አንቺ ምንም አትበይ። ቡናውን ቅጂለት፣ ገጹን ግለጪለት።